እስረኛው ብሎን

ከሮቤ ወደ ጎባ በሚያደርሰው የ14 ኪሎ ሜትር ጎዳና ላይ በማለዳ የተነሣ መንገደኛ፣ ግራና ቀኙ የስንዴው ማሳ ጤዛውን ተሸክሞ ሲያንጸባርቅ፣ ፊት ለፊቱ ደግሞ የሳነቴ አምባ ጉሙን እንደ መቅደስ መጋረጃ ጥሎ ሲታየው፣ ልቡናውን ወደ ፈጣሪው ለማንሣት በሚዘጋጅበት በዚያው ሰዓት፣ ከአስፋልቱ ዳር የቆመ አንድ ባጃጅና ከባጃጁ ኋላ የተንበረከከ አንድ ወጣት ማየቱ የተለመደ ነገር ነው። ወጣቱ የተንበረከከው ለጸሎት አይደለም፤ ከሞተሩ የሚንጠባጠበውን ዘይት፣ ከዘይቱም ጋር ተቦክቶ ጭቃ የሆነውን የባሌን አቧራ በጨርቅ እየጠረገ፣ ቴስታታው ከሲሊንደሩ ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ጣቱን ያሳልፋል። ከዚያም ቀና ብሎ በዙሪያው ለቆሙት ተሳፋሪዎች የሚሰጠው ፍርድ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ብሎኑ ደካማ ነው፤ ጠንካራ መግባት አለበት።»

እኔ በዚህ ፍርድ ላይ ይግባኝ ልጠይቅ ተነሥቻለሁ። ተከሳሹ ብሎን ከሁሉ ነገር ንጹሕ ነው ባልልም፣ ብዙ ጊዜ የሚፈረድበት እጅ በፈጸመው በደል መሆኑን፣ በእርሱም ፈንታ የሚተካው ጠንካራ ወንድሙ በደሉን ከብረት ወደ አሉሚኒየም የሚያሻግር እንጂ የሚያስቀር አለመሆኑን፣ አንባቢ ቢታገሠኝ በአኀዝ ጭምር ላሳይ እወዳለሁ። ይህ ነገር በዘይት የተነከረ የጋራዥ ጉዳይ ስለሆነ ለጋዜጣ ገጽ አይመጥንም የሚል ሰው ቢኖር፣ በሮቤና በጎባ ስንት ቤተሰብ የዕለት እንጀራውን ከዚያች ባለሦስት እግር ተሽከርካሪ ጀርባ እንደሚያገኝ ሄዶ ይቍጠርና ይመለስ።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ጥቂት ልበል። የእጅ ባለሙያዎቻችን የሞተርን አካላት የሚጠሩበት ቋንቋ አብዛኛው ከጣልያኖች የቀረ መሆኑ የታወቀ ነው፤ የሞተሩን ራስ ቴስታታ፣ በራሱና በሲሊንደሩ መካከል የሚነጠፈውን ስስ ንጣፍ ጓርኒሲዮን፣ እሳት የሚጭረውን ካንዴላ፣ በብሎን ጫፍ የሚዞረውን ዳዶ እንላለን። ቴስታታውን ከሲሊንደሩ፣ ሲሊንደሩንም ከታችኛው የሞተር አካል ጋር አስተባብሮ የሚይዘው ግን ምንም እንኳ በልማድ የቴስታታ ብሎን ቢባል ተራ ብሎን አይደለም፤ ራስ የሌለው፣ ሁለቱም ጫፎቹ ጥርስ የወጣላቸው ረጅም የብረት ዘንግ ነው፤ ታችኛው ጫፉ በአሉሚኒየሙ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል፣ ላይኛው ጫፉ በቴስታታው ቀዳዳ አልፎ ይወጣና ዳዶ ይጠብቅበታል። ጣልያኖች ይህንን ዘንግ በሙያው ቋንቋ «ፕሪጆኒየሮ» ይሉታል፤ ትርጓሜው እስረኛ ማለት ነው። ስሙን ያወጣለት ሰው ምሥጢሩን የተረዳ ነበር ያሰኛል፤ ይህ ዘንግ አንድ ጊዜ ወደ ወህኒው ከገባ በኋላ የሚዞረው ዳዶው ብቻ ነው፤ እርሱ ባለበት ይቆያል፤ እንዲህም የተደረገው ለስላሳው የአሉሚኒየም ጥርስ ቴስታታው በተከፈተ ቍጥር እየተፋቀ እንዳያልቅ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስለ ሙቁሓን ስትማልድ በምሰማበት ጊዜ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ አንዳንድ ቀን ይህ እስረኛ ትዝ ይለኛል።

አሁን ወደ አኀዙ እንምጣ። 200 ሲሲ ገደማ በሆነ ሞተር ውስጥ ፒስተኑ ከዳር እስከ ዳር 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው ብንል፣ ቤንዚኑ በተቀጣጠለበት ቅጽበት ያለውንም ግፊት በካሬ ሴንቲ ሜትር 50 ኪሎ አድርገን ብንወስድ፣ ቴስታታውን ወደ ላይ የሚያነሣው ኃይል 14 ኩንታል ይሆናል። ስንዴ ተመዝኖ በሚሸጥበት ሀገር 14 ኩንታል ምን ያህል እንደሚከብድ ማስረዳት አያሻም። በሌላው ወገን ግን 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ዘንግ፣ አንድ ሜትር ርዝመት ባለው መፍቻ ጫፍ ላይ ሁለት ኪሎ ተኩል ተሰቅሎ በሚያጠብቀው ልክ ብቻ ቢጠብቅ፣ ቴስታታውን ወደ ታች የሚጫነው በ15 ኩንታል ያህል ኃይል ነው፤ አራቱ ዘንጎች ሲተባበሩ 60 ኩንታል ይሆናሉ። ደካማ የተባለው ብሎን በልኩ ከጠበቀ ከሚፈለግበት አራት እጥፍ ይሸከማል ማለት ነው።

ከዚህም ይልቅ የሚያስደንቀው፣ ዘንጉ በሚገባ ተወጥሮ እስካለ ድረስ በደቂቃ ሁለት ሺሕ ጊዜና ከዚያም በላይ የሚፈነዳው እሳት ከጥቂቱ በቀር የማይሰማው መሆኑ ነው፤ የፍንዳታው ኃይል ተጨቍኖ የተቀመጠውን ቴስታታ ከጭቆናው ጥቂት በማቃለል ያልቃል እንጂ ወደ ዘንጉ እምብዛም አይደርስም። ዘንጉ የላላ እንደሆነ ግን እያንዳንዱን ምት በሙሉ ክብደቱ ይቀበላል፤ ብረትንም እንደ ሰው ከአንድ ከባድ ሸክም ይልቅ ማለቂያ የሌለው ንቅናቄ ያደክመዋልና፣ አንድ ቀን ምንም ምልክት ሳይሰጥ ይቈረጣል። ባለቤቱም የተቈረጠውን ብረት በመዳፉ ይዞ «ይኸው ድካሙ» ይላል፤ ብረቱ ግን የሞተው በመድከሙ ሳይሆን በመላላቱ ነው።

ይህን ሁሉ ስሕተት የወለደው ዘንጉን እንደ ዐምድ ማሰባችን ይመስለኛል። ዐምድ በወፈረና በጠነከረ መጠን ይጸናል፤ የቴስታታ ዘንግ ግን ተግባሩ እንደ አውታር መሆን ነው፤ እንደ በገና አውታር ተስቦ፣ በመሳቡም ወደ ቀድሞው ርዝመቱ ለመመለስ ባለው ምኞት ሁለቱን አካላት አጣብቆ ይይዛል። ደርዳሪው አውታሩን ሲያላላው ድምፅ ያጣል፣ ከልክ አሳልፎ ሲያከረው ይበጥሰዋል፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ስፍራ የሚያገኘው ጆሮውን ሰጥቶ ነው። የእኛ ሞተር ሠሪ ግን ጆሮ የሚሰጠው ነገር የለውም፤ አውታሩ ሲጠብቅም ሲከርርም አይዘምርም።

ሙቀት ሲጨመርበት ነገሩ ይረቃል። አሉሚኒየም ሲሞቅ ብረት ከሚረዝመው ወደ ሁለት እጥፍ ይረዝማል። የሲሊንደሩና የቴስታታው ቁመት በአንድነት 12 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ሙቀቱም በ150 ዲግሪ ከፍ ቢል፣ አሉሚኒየሙ 0.4 ሚሊ ሜትር ሲያድግ በውስጡ ያለው የብረት ዘንግ የሚያድገው 0.2 ብቻ ነው፤ የቀረውን 0.2 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም የሁለት ቅጠል ወረቀት ውፍረት የሚያህለውን፣ ዘንጉ ተስቦ ሊሞላው ይገደዳል። ኢምንት ነገር ነው ብሎ የሚስቅ ሰው፣ ዳዶው በብርዱ ሲጠብቅ ዘንጉ የተሳበው ራሱ ከዚያ ብዙ እንደማይበልጥ ይወቅ፤ ጓርኒሲዮኑና ሌላው አካል ከሸክሙ ድርሻቸውን ባይወስዱ ኖሮ ሙቀቱ ብቻውን ውጥረቱን እጥፍ ወደ ማድረግ ይቃረብ ነበር። እንግዲህ አጥባቂው በብርዱ፣ «ለማንኛውም» ብሎ፣ ከልኩ በግማሽ አስበልጦ ያጠበቀው ዘንግ ሞተሩ ሲግል ከመሳብ ዐቅሙ ያልፋል፤ አልፎም ለዘለቄታው ይረዝማል፤ በማግሥቱ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የረዘመው ዘንግ ላልቶ ይገኛል። ያን ጊዜ ያው ሰው ያንኑ መፍቻ አንሥቶ ከትናንቱ አብልጦ ያጠብቀዋል። በጎዳናው ዳር የተንበረከከው ወጣት ላልቶ ያገኘው ብሎን፣ ምናልባት ከሁሉ አብልጦ የጠበቀው ኖሯል።

በዚህ ስፍራ በዕድሜ የገፋው አንባቢ የሚያውቀውን ምስክር ልጥራ። በአዲስ አበባም ሆነ በክፍላተ ሀገር በአንድ ወቅት ከቮልስዋገን የበዛ የቤት መኪና አልነበረም ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም፤ ዛሬም ቢሆን ያቺ በአየር የምትቀዘቅዝ ቮልስ ከአራት ኪሎ እስከ መርካቶ ድምፅዋን ሳታፍር እያሰማች ስትሄድ ትገኛለች። የቮልስ የሞተር አካል የተሠራው ከማግኒዥየም ቅይጥ ነበር፤ ይህም ከአሉሚኒየም ይልቅ ቀላልና ለስላሳ ነውና፣ ሞተሩ እየተለቀ ሲሄድና ሙቀቱ ሲጨምር የቴስታታው ዘንጎች ጥርሳቸውን ከማግኒዥየሙ ነቅለው ይወጡ ጀመር። የጀርመን መሐንዲሶች ምን አደረጉ? የእኛን ጎረምሳ ቢጠይቁት ኖሮ 10 ሚሊ ሜትር የነበረውን ዘንግ 12 አድርጉት ባላቸው ነበር። እነርሱ ግን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዘንጉን ከ10 ወደ 8 ሚሊ ሜትር አቀጠኑት፤ ጥርሱ የሚነክስበትንም ቀዳዳ በብረት አልብሰው አጠናከሩት። ወፍራሙ ዘንግ ከቀጭኑ በአንድ ተኩል እጥፍ የሚበልጥ ስፋት ስላለው፣ ሙቀቱ ሲስበው አልሳብ ብሎ ያን ሁሉ ኃይል ወደ ለስላሳው ጥርስ ይመልሰዋል፤ ቀጭኑ ግን እሺ ብሎ ይሳባል፣ ሲቀዘቅዝም ይመለሳል። ፖርሼም በዚያው ዘመን ገደማ በበኩሉ ሌላ መንገድ ሞከረ፤ ሲሞቅ የአሉሚኒየምን ያህል የሚረዝም ዲላቫር የተባለ ልዩ ቅይጥ ለዘንግነት መረጠ፤ በኋላ ግን ዝገት ብዙዎቹን እየበጣጠሰ ባለቤቶቻቸውን አስለቀሳቸው። ሊቃውንቱም ይሳሳታሉ፤ ስሕተታቸው ግን እያሰቡ በመሆኑ ይከበራል።

«ጠንካራ ብሎን» የሚለው ፋሽን የመጣብን ከወዴት እንደሆነ መገመት አያስቸግርም። በአሜሪካና በዐረብ ሀገር ባለጸጎች በአሸዋ ኮረብታ ላይ የሚጋልቡት ባለአራት ጎማ የሜዳ ሞተር አለ፤ እኛ ዘንድ እምብዛም አይታይም። የእነዚያ ሞተሮች ባለቤቶች ለጨዋታና ለውድድር ሲሉ የሞተሩን እመቃ ያሳድጋሉ፣ አየሩን በተርቦ አስገድደው ያስገባሉ፣ አንዳንዶቹም በቤንዚን ፈንታ አልኮል ያቃጥላሉ፤ እንዲህ ሲሆን ያ 14 ኩንታል ያልነው ኃይል ሀያና ሠላሳ ኩንታል ሊደርስ ይችላልና፣ ብርቱ ዘንግ ማስገባታቸው ቅንጦት ሳይሆን ግዴታ ነው። የእነርሱን ግዴታ ጤፍ ጭኖ ከገበያ ለሚመለስ ባጃጅ መድኃኒት አድርጎ መቀበል፣ በቆላ የወባን መድኃኒት ወስዶ በሳነቴ ብርድ ለሚንቀጠቀጥ ሰው እንደ ማጠጣት ያለ ነው፤ ሁለቱም ተንቀጥቅጠዋል፣ ደዌያቸው ግን አንድ አይደለም።

በብረቱ ላይ ስለሚቀረጸው ቍጥርም አንድ ነገር ልበል፤ ነጋዴው 8.8 የሚለውን አንሥቶ 12.9 የሚለውን በሦስት እጥፍ ዋጋ ሲሸጥ፣ ገዥው ምን እንደ ገዛ ሊያውቅ ይገባዋልና። የመጀመሪያው አኀዝ ብረቱ ከመበጠሱ በፊት በካሬ ሚሊ ሜትር የሚሸከመውን ኃይል ያመለክታል፤ 8 የሚለው 800 ኒውተን፣ 12 የሚለው 1,200 ማለት ነው። ሁለተኛው አኀዝ ከዚያ ኃይል ስንት እጁን ሲደርስ ብረቱ ለዘለቄታው መርዘም እንደሚጀምር ይናገራል። ስለዚህ ባለ 12.9 ዘንግ ከመርዘሙ በፊት ብዙ ይታገሣል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በዚያው ውፍረትና በዚያው ጥበቃ ሁለቱም የሚጫኑት እኩል ነው፤ ጠንካራው ብረት ስለ ጠነከረ ብቻ ቴስታታውን አብልጦ አይዝም። አብልጦ እንዲይዝ አብልጦ ማጥበቅ ያስፈልጋል፤ አብልጦ ሲጠብቅ ደግሞ የሚሸነፈው የሁለቱ ደካማ የሆነው፣ ማለት የአሉሚኒየሙ ጥርስ ነው። እስረኛው በርትቶ ወህኒው ይፈርሳል።

ይህን የምናገረው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። በመምህርነት ሳገለግል አንዲት ሞተር ሳይክል ነበረችኝ፤ ከቴስታታዋ ሥር ዘይት ማንባት በጀመረች ጊዜ ስሙን ወደማልጠራው አንድ ጋራዥ ወሰድኋት። ባለሙያው ደግ ሰው ነበር፤ ቡና አስፈልቶ አጠጣኝ፤ ፋብሪካው ያስገባቸውን ዘንጎች እያጣጣለ አወጣና ከአንድ የጭነት መኪና ላይ የተገኘ ብረት ቶርኖ ቤት አስቈርጦ፣ አራት የሚያማምሩ ወፋፍራም ዘንጎች አስገባልኝ። መፍቻው ላይ ቧንቧ ቀጥሎ፣ አንድ እግሩን ሞተሩ ላይ አስደግፎ አጠበቃቸው፤ እኔም በጥንካሬው ተደስቼ ከተስማማነው በላይ ከፈልሁት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከአራቱ አንደኛው ከነዳዶው ወደ ላይ ብቅ ብሎ ተገኘ፤ ነቅለን ስናየው በጥርሶቹ መካከል የአሉሚኒየም ፍርፋሪ እንደ ብርማ ክር ተጠምጥሞበት ነበር። ዘንጉ አንዳች አልሆነም፤ ዛሬም ድረስ ወረቀት እንዳይበርብኝ የምጭንበት እርሱ ነው።

ያቺን ሞተር ያዳናት በኋላ ሌላ ሰው ነው፤ የተበላውን ቀዳዳ አስፍቶ አዲስ ጥርስ አወጣለትና ከብረት ሽቦ የተጠመጠመ የጥርስ ማልበሻ አስገብቶ፣ ፋብሪካው ያሰበውን ዓይነት 8 ሚሊ ሜትር ዘንግ መለሰባት። የቴስታታን እስራት ማሻሻል የሚባል ነገር ካለ እውነተኛው ይህ ነው፤ ማልበሻው ከውጭ በኩል ከዘንጉ ስለሚሰፋ በለስላሳው አሉሚኒየም ላይ የሚነክስበት ስፍራ ይበዛለታል፣ ከውስጥም ብረት ከብረት ጋር ይገናኛል። ዘንጉም ቢሆን የዛገ፣ የተሳበ፣ ጥርሱ የተጎዳ ከሆነ ይለወጥ፤ በ10.9 ቢለወጥ ምርቃት ነው እንጂ ነውር የለውም። እኔ የምቃወመው በሽታው ሳይታወቅ የሚታዘዘውን ብረት ነው።

በባሌ ደግሞ በሽታውን የሚያወሳስብ የራሱ የሆነ ነገር አለ፤ እርሱም ከፍታው ነው። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ሳነቴን ሲያቋርጥ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ከመንገዱ አጠገብ ያለው ቱሉ ዲምቱም 4,377 ሜትር ነው። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከመቶው 60 እጅ ብዙም አይበልጥም፤ ተርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ አየሩ ሲቀንስ የፍንዳታው ኃይልም ይቀንሳል። በሌላ አነጋገር የሳነቴ ዳገት ሞተር ሳይክሉን ሲያስጨንቀው፣ የቴስታታው ዘንግ ግን በዳገቱ ግርጌ ካለው ቆላ ይልቅ እዚያ ላይ ያርፋል። ታዲያ ሞተሩ ለምን እዚያው አካባቢ ይታመማል? ነገሩ የሚጀምረው ከካርቡራተሩ ነው። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛና ሞተሩ ጥቁር ጭስ እያወጣ ይታፈናል፤ ሞተረኛው ጎባ ላይ ያስቆምና ቤንዚኑን ያስቀንሳል፤ ሳነቴን በደስታ ይሻገራል። ከዚያ የሐረና ጫካን ሰንጥቆ ከ1,500 ሜትር በታች ወዳለው ወደ ደሎ መና ሲወርድ፣ አየሩ ወፍሮ ቤንዚኑ ግን በተቀነሰበት ቀርቶ፣ ሞተሩ ባዶ ሆዱን እንደሚሠራ ሰው ይነዳል፤ ይግላል፤ በልኩ መቃጠል የሚገባው ቤንዚን ጊዜውን ሳይጠብቅ እየፈነዳ ቴስታታውን እንደ መዶሻ ይመታዋል። ተመልሶ ጎባ ሲደርስ ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል፤ ፍርዱም ያው ነው፤ «ብሎኑ ደካማ ነው»። ስለ ካርቡራተሩ ቀዳዳ የሚጠይቅ የለም።

ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ልኬት እንመለስ። መፍቻ ስንጎትት ከምናወጣው ጉልበት ከመቶው 50 እጅ የሚያልቀው ከዳዶው ሥር በሚደረገው ፍትጊያ፣ 40 እጅ የሚያልቀው በጥርሶቹ መካከል ነው፤ ዘንጉን ለመሳብ የሚተርፈው 10 እጅ ያህል ብቻ ነው። ይህን ያወቀ ሰው የእጅን ዳኝነት ማመን ይቸግረዋል። በደረቀና አቧራ በገባበት ጥርስ ላይ የለመደ እጅ፣ ዘይት በተቀባው ጥርስ ላይ ያንኑ ያህል ሲጎትት ዘንጉን ከሚገባው በላይ ይስበዋል፤ በዛገው ላይ ደግሞ ጠበቀ ሲል ያልጠበቀ ይሆናል። ትላልቆቹን የጭነት መኪኖች የሚሠሩ ፋብሪካዎች ይህን ስለሚያውቁ ብዙዎቹ በጥቂት ኃይል አስጠብቀው የቀረውን በማዕዘን፣ ይህን ያህል ዲግሪ አዙር ብለው፣ ያዝዛሉ፤ ፍትጊያ ጉልበትን ያታልላል፣ ዙርን ግን ሊያታልል አይችልም። ለትንንሾቹ ሞተሮች ግን በሙያው ቋንቋ ቶርክ የሚባለው ባለመለኪያ መፍቻ፣ ንጹሕ ጥርስና በፋብሪካው መመሪያ መጽሐፍ የታዘዘው ልክ ይበቃሉ፤ ዘንጉ ወደ ታች በጣት ብቻ ይገባል፣ ዳዶዎቹ በመስቀለኛ ተራ በሦስት ዙር ይጠብቃሉ፣ ሞተሩም ሞቆ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ መጽሐፉ የሚያዝዝ ከሆነ እንደገና ይታያሉ።

ይህ የመጨረሻው ነገር ለባሌ ሰው አዲስ ትምህርት ሊሆን አይገባም ነበር። የባሌ ፈረሰኛ ኮርቻውን ጭኖ የሆድ ጠፍሩን ሲስብ ፈረሱ ሆዱን እንደሚነፋበት ያውቃል፤ ስለዚህ ጥቂት እርምጃ አስኪዶ፣ ፈረሱ ትንፋሹን ሲለቅ፣ ወርዶ ጠፍሩን እንደገና ያጠብቃል እንጂ በመጀመሪያው ጊዜ ፈረሱ እስኪያቃስት አያንቀውም። ጓርኒሲዮንም እንደዚሁ ከመጀመሪያው ሙቀት በኋላ ይታመቃል፣ ትንፋሹን ይለቃል። አያቶቻችን በፈረስ ላይ የሚያውቁትን ጥበብ እኛ በብረት ላይ ዘነጋነው።

ነገሩ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የሼክ ሁሴን ጉዞ ሲቃረብ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን እንደኖሩ የሚነገርላቸው የሼክ ሁሴን መካነ መቃብር፣ ከሮቤ በስተሰሜን ምሥራቅ በሚገኘው በድሬ ሼክ ሁሴን፣ በዐረፋ ሰሞንም ሆነ በሌሎቹ የዝያራ ቀኖች ከየአቅጣጫው ሕዝብ ይሰበሰብበታል፤ ስፍራው በፈረንጆች 2011 ዓ.ም. በዩኔስኮ ጊዜያዊ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። የቀድሞው ተጓዥ ጫፉ ሹካ የሆነውን የሼክ ሁሴንን በትር ይዞ፣ ባሕሮ እያዜመ በእግሩ፣ ወይም በበቅሎ ይሄድ ነበር፤ ዛሬም በእግሩ የሚሄደው ጥቂት አይደለም፤ ከእርሱ አጠገብ ግን ሦስት ሰው ከነስንቁ የጫነ ሞተር ሳይክል፣ ጣራው ላይ ጀሪካንና ምንጣፍ የተከመረበት ባጃጅ አቧራውን እያስነሣ ያልፋል። በዚያ የጠጠር መንገድ ላይ ሞተሩ የከዳው ባለባጃጅ አሮጊት እናቱን በፀሐይ ላይ አስቀምጦ ጋራዥ ፍለጋ የሚሄድበት ርቀት ቀላል አይደለም። ከጉዞው በፊት ባለው ሳምንት በከተሞቹ ያሉት ጋራዦች ሌሊቱን ጭምር ይሠራሉ፤ በዚያ ጥድፊያ በባትሪ ብርሃን የሚጠብቀው ቴስታታ በምን ልክ እንደሚጠብቅ አንባቢ ራሱ ይገምት።

ባለመለኪያው መፍቻ ውድ ነው የሚል መልስ እንደሚሰጠኝ ዐውቃለሁ፤ መልሱም ከንቱ አይደለም፤ ለአንድ የመንገድ ዳር ባለሙያ በእርግጥ ውድ ነው። ሌላም መልስ አለ፤ ሠላሳ ዓመት የሠራ ባለሙያ እጁ መለኪያ ነው ይባላል። እንዲህ ያለ ሰው አይቻለሁ፣ አከብረዋለሁም፤ ነገር ግን እጁን ለደቀ መዝሙሩ ሊያወርሰው አይችልም፤ ደቀ መዝሙሩም መፍቻውን ሲይዝ ገና ሁለት ወሩ ነው። የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶቻችን ተማሪያቸውን ሲፈትኑ ቴስታታ አስፈትተው በማስገጠም ብቻ ከሚያሰናብቱት፣ የጠበቀበትን ልክ በአኀዝ ጽፎ እንዲፈርምበት ቢያደርጉ፣ ያ ተማሪ ወደ ሥራ ሲወጣ አኀዙን የሚጠይቅ ባለሙያ ይሆናል። አስመጪዎቹም ባጃጅና ሞተር ሳይክል ሲሸጡ፣ የጥበቃውን ልክ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አሳትመው በአንድ ገጽ ካርቶን ላይ ቢሰጡ ከሚያገኙት ትርፍ ምን ያህል ይጎድልባቸዋል?

ዋጋውን በተመለከተ ግን ለሮቤና ለጎባ ጋራዦች የማቀርበው ሐሳብ ከቤታችን የተገኘ ነው። እንደ ጽዋ ማኅበር ተሰባስበው በዐሥር በዐሥር ሆነው አንድ አንድ መፍቻ ይግዙ፤ ጽዋው በየወሩ ከቤት ወደ ቤት እንደሚዞር መፍቻው በየሳምንቱ ከጋራዥ ወደ ጋራዥ ይዙር፤ ቴስታታ የከፈተ ሁሉ ተራውን ጠብቆ ያጥብቅበት። ሮቤ የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ናት፤ በዓመት አንድ ጊዜ መፍቻዎቹን የሚመረምር ባለሙያ ከዚያ ቢለመን የሚነፍግ አይመስለኝም፤ ባይገኝ እንኳ መፍቻውን አግድም አድርጎ በአንድ ሜትር ዘንግ ካስረዘሙት በኋላ፣ የራሱን የዘንጉን ክብደት አስበው ጫፉ ላይ የታወቀ የሚዛን ድንጋይ ሰቅለው አኀዙ መስማማቱን ራሳቸው ሊያረጋግጡ ይችላሉ። ጸሐፊ ይሹሙና ማን መቼ ለስንት ቴስታታ እንደ ተጠቀመበት ይመዝግብ። ተረካቢውም ሳጥኑን ከፍቶ ከመቀበሉ በፊት አንድ ነገር ይይ፤ የመፍቻው መለኪያ ወደ ታችኛው አኀዝ ተመልሶ መቀመጡን፤ በውስጡ ያለው ሞላ ተወጥሮ ሳምንት ካደረ ልኩን ይስታልና።